ዲስላይክ ይኑር ወይስ አይኑር? ለአንድ የግሩፕ አድሚን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የመኪና ባለቤቶች የሚመካከሩበት የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። አባላቱ በመብዛታቸው ጥሩ ምክር በወሬ መሀል እየጠፋ ተቸግረናል። ስለዚህ ጥያቄና መልስ ብቻ የሚስተናገድበት የራሳችንን ድረ ገጽ እያሠራን ነው። ፕሮግራመሩ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ የላይክና የዲስላይክ ቁልፍ ላድርግ ወይ ብሎ ጠየቀን። ከአድሚኖቹ ገሚሶቹ ዲስላይክ ሰው ያስቀይማል፣ ላይክ ብቻ ይበቃል ይላሉ። ገሚሶቹ ደግሞ የተሳሳተ ምክር የሚወርድበት መንገድ ከሌለ ድረ ገጹ ምን ሊጠቅም ነው ይላሉ። ማን ነው ልክ?»

ምላሽ፦

እንዲህ ያሉ የመወያያ ገጾችን መንደፍ ሥራዬ ነው። ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚጀምረው ከቁልፉ ነው፤ ቀስት ይሁን፣ ልብ ይሁን፣ አውራ ጣት ይሁን። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሰው ቁልፉን ሲጫን ምን ይሆናል?

አሁን ባላችሁበት በቴሌግራም ምንም አይሆንም ማለት ይቻላል። ሪአክሽን (መልእክት ላይ የሚጫኑት ልብና አውራ ጣት) የመጣው በ2021 መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ መልእክት ሦስት መቶ ልብ ቢያገኝ እንኳ ካለበት ቦታ ንቅንቅ አይልም። መልእክቶች የሚደረደሩት በመጡበት ሰዓት ነው። ጥሩ ምክር ወሬ ውስጥ የሚሰምጥባችሁም ለዚህ ነው።

አዲሱ ድረ ገጽ ላይ ግን ድምፁ ሥራ ይኖረዋል። ያ ሥራ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። የመልሱን ተራ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። መልሱን ያደበዝዛል ወይም ይሸፍናል። በጸሐፊው ስም ላይ ነጥብ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ብዙ ፕሮግራመሮች ሌላው ሁሉ ያደረገውን አይተው ሦስቱንም አንድ ቁልፍ ላይ ያስሩታል። አድሚኖቹ የተጣሉትም ሳይታወቃቸው ስለተለያየ ነገር እያወሩ ይመስለኛል። ሰው ይቀየማል ያሉት የሚያስቡት ጸሐፊውን ነው። የተሳሳተ ምክር ይውረድ ያሉት የሚያስቡት ተራውን ነው። ሁለቱን ነጣጥላችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

ከተራው ልጀምር። አንድ ሰው «ቪትዜ ዳገት ስትወጣ ትሞቃለች፣ ሜዳ ላይ ግን ደህና ናት» ብሎ ጠየቀ እንበል። በሦስተኛው ደቂቃ አንዱ «ራዲያተሩን ቀይረው፣ እኔም ደርሶብኛል» ብሎ መለሰ። አጭር ነው፣ በሙሉ ልብ የተጻፈ ነው። ወዲያው ሁለት ላይክ አገኘ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ መካኒክ ከሥራ ሲወጣ ጥያቄውን አየ። ውሃው ይጎድላል ወይ? ስትሞቅ ፋኑ ይነሳል ወይ? ቴርሞስታቱ ተፈትሾ ያውቃል ወይ? ብሎ መልሶ ጠየቀ። መጀመሪያ ርካሹን ፈትሹ፣ ራዲያተር መቀየር የመጨረሻው ነው አለ። ይህ መልስ ሲመጣ ግን አብዛኛው ሰው አይቶ አልፏል። ቀጥሎ የሚመጣውም ሰው ላይክ ያለበትን ቀድሞ ያያል፣ ያነበዋል፣ እሱም ላይክ ያደርጋል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ2013 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። ያጠኑት ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር ናቸው። ዜና እየተጋሩ በሚወያዩበት አንድ ድረ ገጽ ላይ 101,281 አስተያየቶችን ወሰዱ። አስተያየቶቹ ገና እንደተጻፉ፣ ይዘታቸው ምንም ይሁን ምን፣ በዕጣ ለአንዳንዶቹ አንድ ላይክ፣ ለአንዳንዶቹ አንድ ዲስላይክ ሰጡ። የቀሩትን አልነኩም። ያቺ አንዲት የዕጣ ላይክ ቀጥሎ የሚያየው ሰው ላይክ የማድረግ ዕድሉን በ32 በመቶ ጨመረች። በመጨረሻም የእነዚያ አስተያየቶች ውጤት በአማካይ 25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ ጣት ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው።

ዲስላይክ የተደረገባቸው ግን ወድቀው አልቀሩም። አንባቢው ያለአግባብ የወረደ ሲመስለው አነሳው፤ ጉዳቱ ተካካሰ። ዲስላይክን ብቻ የሚፈሩት አድሚኖች ይህን ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። ያልተገባ ውርደትን የሚያርም ሰው ይገኛል። ያልተገባ ውዳሴን ግን የሚያርመው የለም፤ የማንም ዓይን ውስጥ አይገባምና። እናም ላይክ ብቻ ማድረግ አደጋ የሌለው ምርጫ አይደለም። እንዲያውም የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እዚያው ጥናት ላይ የተከታይነቱ ነገር በሁሉም ርዕስ እኩል አልነበረም። ፖለቲካ፣ ባህልና ንግድ ላይ ጎልቶ ታይቷል። ስለ ቴክኖሎጂ በተጻፉት ላይ ግን ይህ ነው የሚባል አልታየም። የመኪና ነገር ወደየትኛው እንደሚጠጋ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ ቴርሞስታት ሲወራ ሰው ረጋ ብሎ ያስባል። «ቪትዝ ይሻላል ወይስ ያሪስ?» ሲባል ግን ነገሩ የደጋፊዎች ፉክክር ይሆናል።

አሁን ፕሮግራመራችሁ ይዞት ሊመጣ ወደሚችለው ቀመር እንሂድ። ሬዲት የተባለው ትልቅ የመወያያ ድረ ገጽ ፊት ገጹን ለረጅም ጊዜ የደረደረበት ቀመር ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ብዙ ሰው ገልብጦታል። ቀመሩ ድምፅን በሎጋሪዝም ነው የሚቆጥረው። በቀላል ቋንቋ፣ ከ1 ወደ 10 መድረስና ከ10 ወደ 100 መድረስ እኩል ይመዝናሉ። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ እርምጃ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ከመውጣት ጋር እኩል ይመዝናል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጥቶ 100 ድምፅ ያገኘ ፖስትና ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ 10 ድምፅ ያገኘ ፖስት ጎን ለጎን ይቆማሉ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ሰዎች የኋለኞቹን ዘጠና ያህላሉ ማለት ነው። ለዜና ይህ ደግ ነው፤ ዜና ያረጃል። የፋን ምክር ግን ከዓመት በኋላም ያው ነው። ስለዚህ መልሶችን ስትደረድሩ ሰዓትን ከቀመሩ አውጡት። ዝግጁ ቀመር ሲቀርብላችሁ ውስጡ ሰዓት አለ ወይ ብላችሁ መጠየቅ ብቻ ይበቃል።

ለመልስ የሚሻል ሌላ መንገድ አለ። ኤድዊን ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1927 ያወጣው የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። ሬዲት ከ2009 ጀምሮ ኮሜንቶቹን «ምርጥ» ብሎ ሲደረድር የተጠቀመው በእሱ ነው። ስሌቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ እስካሁን ባየነው ድምፅ ብቻ ተነሥተን፣ ድምፅ ከሚሰጡት ሰዎች ይህን መልስ የሚወዱት ቢያንስ ስንት በመቶ ናቸው ብለን እርግጠኛ መሆን እንችላለን?

በቁጥር እንየው። አንደኛው መልስ 40 ላይክና 20 ዲስላይክ አለው። ሁለተኛው 10 ላይክና 1 ዲስላይክ። ላይክ ብቻ ብትቆጥሩ 40 ለ10፣ የመጀመሪያው ያሸንፋል። ዲስላይኩን ብትቀንሱም 20 ለ9 ነው፣ አሁንም እሱ ያሸንፋል። በዊልሰን ስሌት፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ሁለተኛው 62 አካባቢ ያገኛል፤ የመጀመሪያው 54። ዘግይቶ የመጣው መልስ ላይ ይወጣል። ያ ማታ ከጋራዥ ወጥቶ የጻፈው መካኒክ ዕድል የሚያገኘው እንዲህ ነው። አንድ ላይክ ብቻ ያለው መልስም ወዲያው አናት ላይ አይወጣም፤ ስሌቱ 21 ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው።

ይህ ስሌት ግን ያለ ዲስላይክ አይሠራም። ተቃራኒው ድምፅ ከሌለ ድርሻ የሚባል ነገር የለም። የሚቀረው ብዛት ብቻ ነው፤ ብዛት ደግሞ ሁልጊዜ ለቀደመው ያደላል። እዚህ ላይ «ዲስላይክ ይኑር» ያሉት አድሚኖች ልክ ናቸው።

አሁን ወደ ጸሐፊው እንምጣ። እዚህ ላይ ደግሞ ሌሎቹ አድሚኖች ልክ ናቸው።

በ2014 ጀስቲን ቼንግ፣ ክሪስቲያን ዳኔስኩ-ኒኩሌስኩ-ሚዚልና ዩሬ ሌስኮቬች የአራት ድረ ገጾችን የአስተያየት መስጫ አጠኑ፤ አንዱ ሲኤንኤን ነው። አስተያየታቸው የተጠላባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ዝም ይላሉ ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል። እንዲያውም ከበፊቱ በብዛት ጻፉ። የጻፉት ጥራቱ ወረደ። ከዚያም አልፈው የሌላውን ሰው አስተያየት በብዛት ዲስላይክ ያደርጉ ጀመር። እልህ ነው ይሄ። እልህ ደግሞ ይጋባል፤ አንድ የተናደደ ሰው ሦስት ሰው ያናድዳል። በሌላ በኩል፣ ላይክ ያገኙት ያን ያህል የተሻለ አልጻፉም። ጨርሶ ምንም ምላሽ ያላገኙት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ጥለው የሚሄዱት እነሱ ሆነው ተገኙ።

ዲስላይክ ሰውን የሚያበግነው ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት ዝምታው ነው። «ቅነስ 4» የሚል ቁጥር አየህ፤ ምን አጠፋሁ ብትል የሚነግርህ የለም። ምክሩ ስህተት ስለሆነ ነው? አማርኛው ስላልገባቸው ነው? ወይስ ያን መኪና ስለማይወዱት? አንድ ቁልፍ ይህን ሁሉ ትርጉም ሲሸከም ጸሐፊው የሚመርጠው ሁልጊዜ የከፋውን ነው፤ «ጠሉኝ» ይላል።

ይህን የተረዱ ገጾች የተለያየ መላ ዘይደዋል። ስላሽዶት በ1997 የተከፈተ የቴክኖሎጂ መወያያ ነው። እዚያ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ምክንያት ይመርጣል፦ አስተዋይ፣ መረጃ ሰጪ፣ አስቂኝ፣ ነገር ፈላጊ እያለ። ነጥቡም ከቅነስ 1 እስከ 5 ብቻ ነው የሚደርሰው፤ መቶና ሺህ የሚባል የለም። በጣም የምወደው ግን ሌላ ነገራቸውን ነው። «አስቂኝ» የተባለ ኮሜንት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለጸሐፊው ግን የስም ነጥብ አያስገኝለትም። ሰው ይስቃል፣ ነጥብ ለመልቀም ብቻ የሚቀልድ ግን ትርፍ የለውም። ተራን ከስም መለየት ስል ይህን ነው። ሎብስተርስ የተባለውም የፕሮግራመሮች ገጽ ምክንያት ሳትመርጥ ኮሜንት ላይ የተቃውሞ ምልክት እንድታደርግ አይፈቅድም። ሌስሮንግ የተባለው የውይይት ገጽ ደግሞ በ2022 ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንዱ «ጥሩ ጽሑፍ ነው ወይ?» የሚል ነው፣ ሌላው «ትስማማለህ ወይ?»። አልስማማም፣ ግን ማንበቡ ጠቅሞኛል ማለት ተቻለ። ውይይት ለሚባል ነገር ይህ ትልቅ ነው።

ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ገጽ በበኩሉ ዲስላይክን ዋጋ አስከፈለው። መልስ ዲስላይክ ስታደርጉ መላሹ 2 ነጥብ ያጣል፣ እናንተም 1 ታጣላችሁ። ላይክ ግን ለመላሹ 10 ያስገኛል። ዲስላይክ ለማድረግ መጀመሪያ 125 ነጥብ ሊኖራችሁ ይገባል። ሃከር ኒውስ የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና መወያያ ላይ ደግሞ ኮሜንት ዝቅ ለማድረግ 500 ነጥብ ያስፈልጋል። ዛሬ የገባ ሰው ዛሬውኑ ሰው ማውረድ አይችልም።

የስም ነጥብ ግን ራሱ ጣጣ አለው። ሰው የተሸለመበትን ይደግማል። ዊልያም ብሬዲና ባልደረቦቹ በ2021 የ7,331 ሰዎችን 12.7 ሚሊዮን ትዊቶች መርምረው ነበር። ቁጣቸውን ሲጽፉ ብዙ ላይክና ሪትዊት ያገኙ ሰዎች በሚቀጥሉት ቀናት ቁጣ ጨምረው ተገኙ። ማንም ቁጡ ሁን አላላቸውም። ቁጥሩ አስተማራቸው። መኪና ላይም ያው ነው። በልበ ሙሉነት የተነገረ አጭር ምክር የሚሸለም ከሆነ «መጀመሪያ ልፈትሽ» የሚለው ጥንቁቅ ሰው ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ፌስቡክ የሄደበት መንገድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ2016 ከላይክ ሌላ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ የሚሉ ሪአክሽኖችን አመጣ። በ2017 ደግሞ ፖስት ሲደረድር እነዚህን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ መመዘን ጀመረ። የቁጣዋም ፊት እኩል አምስት ሆነች። በኋላ የራሱ ሠራተኞች ቁጣ የሚበዛባቸው ፖስቶች የተሳሳተ መረጃና ክፋት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አገኙ። በ2020 የቁጣ ሚዛን ዜሮ ተደረገ። ይህ ሁሉ ከውስጥ ወጥቶ በይፋ የታወቀው በ2021 ነው። በእነዚያ ዓመታት በአማርኛ የተጨቃጨቅንባቸው ፖስቶችም በዚያው ሚዛን ሲደረደሩ ነበር። ቁልፉን የተጫነው ሰው «ይሄ ያበሳጫል» ማለቱ ነበር። ማሽኑ ግን «አምስት እጥፍ ለብዙ ሰው አሳይልኝ» ብሎ ሰማው። ለዚህ ነው ሲጫን ምን ይሆናል ብዬ የጀመርኩት።

አንድ የእኛን ነገር ደግሞ ልጨምር። ድምፅ የሰጠው ሰው ስም ይታይ ወይ? የሚተዋወቅ ሰው በበዛበት ቦታ ስም ከታየ ይሉኝታ ይገባል። አንጋፋውን መካኒክ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚለውን ሰው፣ ተሳስተሃል ብሎ በስሙ የሚጫን ወጣት አታገኙም። ስለዚህ ስሙ ይደበቅ። ምክንያቱ ግን ይታይ። «3 ሰዎች፦ ለዚህ ሞዴል አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ማንንም አያዋርድም፤ ለአንባቢውም ከባዶ ቁጥር በላይ ይነግረዋል።

በአድማ የሚመጣ ድምፅም አለ። የአንድ ሰው መልስ በስክሪንሾት ሌላ ግሩፕ ይለጠፍና «ሄዳችሁ ዲስላይክ አድርጉ» ይባላል። ዩቲዩብ በኅዳር 2021 የዲስላይክ ቁጥርን ከሕዝብ ዓይን ሲያነሳ የሰጠው ምክንያት ይኸው ነበር፤ በተለይ ትናንሽ ቻናሎች እየተዘመተባቸው መሆኑን ጠቅሶ። ቁልፉ አልጠፋም፤ ቁጥሩን የሚያየው ግን ባለቻናሉ ብቻ ሆነ። ተመልካቹ በበኩሉ የማይሠራ የጥገና ቪዲዮ ከመክፈቱ በፊት የሚያስጠነቅቀውን ምልክት አጣ። ለእናንተ ይህን አልመክርም። አዲስ አባል ጥቂት ጠቃሚ መልስ እስኪጽፍ ድረስ ዲስላይክ እንዳያደርግ መከልከል ይበቃችኋል።

እንግዲህ የእኔ ውሳኔ ይኸው። ላይኩን «ይጠቅማል» በሉት። ሌላኛውን «ችግር አለው» በሉት፤ ሲጫን ሦስት ምክንያት ይምጣ፦ ለዚህ ሞዴል አይሠራም፣ ጥያቄውን አልመለሰም፣ ስህተት ነው። ሳይመርጡ ማለፍ አይቻል። ሁለቱም ድምፆች በተራ ብቻ ይግቡ፣ በዊልሰን ስሌት። ከጸሐፊው ስም ላይ ምንም አይቀንሱ። ለመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት ቁጥሩ ለማንም አይታይ፤ መልሶቹም በዚያ ጊዜ ለእያንዳንዱ አንባቢ በተለያየ ቅደም ተከተል ይቅረቡ። ሬዲት ላይ አወያዮች ነጥብን ለተወሰነ ደቂቃ መደበቅ ይችላሉ፤ ሐሳቡ ከዚያ ይቀራረባል። የዕጣዋን ላይክ ጉልበት የሚሰብረው ይህ ነው።

አደገኛ ምክርን ግን ለድምፅ አትተዉት። አንድ ሰው «ሞተሩ እንደጋለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈተው» ብሎ ቢጽፍ ሃያ ሰው ዲስላይክ እስኪያደርግ አይጠበቅም። የፈላ ውሃ ፊት ያቃጥላል። ለዚህ «ለአድሚን አሳውቅ» የሚል የተለየ ቁልፍ ይኑር፤ እናንተም ወዲያው አንሡት።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ግን ለጠያቂው ድምፅ ነው። ላይክ ያደረጉት ሰዎች ያቺን መኪና ኮፈኗን ከፍተው አላዩም። እሱ አይቷል። ስለዚህ ለጠያቂው ብቻ የሚታይ «በዚህ ተስተካከለልኝ» የሚል ቁልፍ አድርጉ። መልሱን ሲወድ ወዲያው የሚጫነው አይሁን። ከሳምንት በኋላ «መኪናው እንዴት ሆነ?» የሚል መልእክት ይላክለትና ያኔ ይጫነው። ስታክ ኦቨርፍሎው ጠያቂው የመረጠውን መልስ ለዓመታት ሁልጊዜ አናት ላይ ሲያስቀምጥ ቆይቶ በ2021 ትቶታል፤ አንዴ የተመረጠ መልስ የተሻለ ሲመጣም ቦታውን አይለቅም ነበርና። ስለዚህ ምልክቱ ከመልሱ አጠገብ ይለጠፍ እንጂ ተራውን አይቆልፍ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች በተመሳሳይ ችግር «ተስተካከለልኝ» ያሉበት መልስ ሲገኝ ግን ያኔ አናት ላይ ይሰካ።

ሥራ ስትጀምሩ በየሳምንቱ አንድ ዝርዝር እንዲወጣላችሁ ፕሮግራመሩን ጠይቁት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ጽፈው ላይክም፣ ዲስላይክም፣ መልስም ያላገኙ አባላት። ዲስላይክ ከተደረገባቸው ይልቅ ጥለዋችሁ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አድሚኖቹ ተከፋፍላችሁ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስመር ጻፉላቸው።